የላላ ገመድ

ቀይዋ ካይት አሁንም ተጠቅልላ አልጋዬ ሥር ተኝታለች። ባለፈው ወር በወጣቶች ኅብረታችን ጊታር የሚመታው ልጅ ሊገዛት መጥቶ ነበር። ገንዘቡን በፖስታ ይዟል። «ወንድሜ፣ ሌላ ሰው ሳይወስዳት» አለኝ። የቤት ኪራዬ ቀን ካለፈ 4 ቀን ሆኖት ነበርና ዓይኔ ፖስታው ላይ አረፈ። «ቁጭ በል፣ ሻይ ላፍላ» ብዬ ተነሣሁ። ሻይ አምሮኝ አልነበረም።

የምኖረው ኬፕታውን ነው። አዲስ አበባ ሳለሁ መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበርኩ። እዚህ እንደመጣሁ ቤልቪል በሚገኘው የአጎቴ ሱቅ ሠራሁ፤ ኋላም ብሉበርግ የባሕር ዳርቻ አጠገብ ያለ አንድ የካይት መጠገኛ ቤት «ዚግዛግ አሳምሮ የሚሰፋ ሰው ይፈልጋል» ሲባል ሰምቼ ሄድኩ። ካይት ምን እንደሆነ አላውቅም። አለቃዬ አንዱን ወለሉ ላይ ሲዘረጋው ለሠርግ የሚተከል ድንኳን መሰለኝ።

አይታችሁት ለማታውቁ፣ ካይት እንደ ግማሽ ጨረቃ የጎበጠ ቀላል ሸራ ነው። የፊት ጠርዙና የጎን አጥንቶቹ ውስጣቸው ፊኛ ያለባቸው ቱቦዎች ናቸው፤ በፓምፕ አየር ይሞላሉ። ከ20 ሜትር በላይ የሚረዝሙ ገመዶች ሸራውን በእጅ ከሚያዝ ባር ጋር ያገናኙታል፤ ባሩ ደግሞ ወገብ ላይ ከሚታሰር መታጠቂያ ጋር ይያያዛል። ነፋሱ ካይቱን ይጎትታል፣ ካይቱ ሰሌዳ ላይ የቆመውን ሰው። ቱቦውን በአየር የመሙላት ሐሳብ በ1984 እ.ኤ.አ. የባለቤትነት መብት ያስመዘገቡበት ብሩኖና ዶሚኒክ ለጌኙ የተባሉ ፈረንሳውያን ወንድማማቾች ናቸው። የሚጠቅመውም ባሕር ላይ ሲወድቅ ነው፤ አይሰምጥም፣ ከውኃው ላይ እንደገና ይነሣል።

እኛ ዘንድ ነፋሱ የሚበረታው በኅዳርና በየካቲት መካከል ነው። ከደቡብ ምሥራቅ ይነሣል። የከተማውን መጥፎ አየር ጠርጎ ይወስዳል ስለሚባል ነዋሪው «የኬፕ ሐኪም» ይለዋል። ቴብል ማውንቴን ላይ ነጭ ደመና እንደ ጠረጴዛ ልብስ ሲነጠፍ፣ ከሰዓት በኋላ ቢግ ቤይ ላይ ሰማዩ በካይት እንደሚሞላ እናውቃለን። በማግሥቱ ደግሞ የእኔ ጠረጴዛ ይሞላል።

ስፌት ብዙ አስተማረኝ። ከማዕበል ውስጥ የመጣ ካይት ወዲያው ይታወቃል፤ ጠርዙ ፈንድቶ፣ ሸራው ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተርትሮ ነው የሚመጣው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ አንድ ቶን ይመዝናል፤ ማዕበል የወደቀ ካይት ላይ ሲደረመስ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ስለዚህ መጀመሪያ ስፌቱ የጠነከረ ካይት ብቻ የሚፈለግ ይመስለኝ ነበር። አለቃዬ ሳቀብኝ። «የማዕበል ካይት ዋናው ሥራው ሳትጎትተው አለመውደቅ ነው» አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዕበል ላይ ስትወጡ የሚገፋችሁ ማዕበሉ ራሱ ነው። ወደ ካይቱ አቅጣጫ ስትሮጡ ገመዱ ይላላል። ለከፍተኛ ዝላይ የተሠሩት ትልልቆቹ፣ ባለ 5 አጥንቶቹ፣ ገመዱ ሲወጠር ነው የሚያምርባቸው፤ ሲላላ ግራ ይገባቸውና ይወድቃሉ። ለማዕበል የተሠራው ብዙውን ጊዜ 3 አጥንት ብቻ አለው፣ ይቀላል፤ ገመዱ ሲላላ እንደ ላባ ከነፋሱ ጋር ወደ ኋላ እየተንሳፈፈ ይጠብቃችኋል። ትንሽ ስለሆነም ቶሎ ይዞራል። ባሩን ገፋ ስታደርጉት ደግሞ ጉልበቱን ይቀንሳል። «ኒዮ ይሻላል፣ ድሪፍተር ይሻላል» እየተባለ በባሕር ዳር የሚደረገው ክርክር ግን አይገባኝም። ሁለቱም ባለ 3 አጥንት ናቸው፣ ሁለቱንም ሰፍቻለሁ፤ ማዕበሉ ስም አያነብም።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ቀይዋን የወሰድኳት። 12 ሜትር ካሬ፣ ባለ 5 አጥንት። ባለቤቷ ጠርዟ ሲፈነዳ ጥሏት ስለሄደ በርካሽ አገኘኋት፤ 3 ሌሊት ቁጭ ብዬ ሰፋኋት። ክብደቴ 68 ኪሎ ነው፤ ለኛ ነፋስ 7 ሜትር ካሬ ይበቃኛል። አለቃዬ «ይህቺ ለላንጌባን ናት» ብሎ ነበር። ላንጌባን ከከተማው ወደ ሰሜን ያለ፣ ማዕበል የማይገባበት ሐይቅ መሰል ውኃ ነው። እሺ ብዬ ቢግ ቤይ ሄድኩ።

ስገባ ነፋሱ 18 ኖት ቢሆን ነው። ወዲያው እየበረታ መጣ። ነፋስ ከ20 ወደ 28 ኖት ሲያድግ ጉልበቱ እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ ይህንንም አውቅ ነበር። ሆኖም አንድ ማዕበል መጣ፣ ወጣሁበት፣ ከእግሬ በታች አረንጓዴው ውኃ ሲሮጥ አየሁ። ደስታው ልዩ ነው። ወደ ካይቷ ዞርኩ፤ ገመዱ ላላ። እርሷም ሰማይ ላይ እንደ ሰካራም አንዴ ተንገዳግዳ ወደቀች። ቀጣዩ ማዕበል ያዛት። ገመዱ ጥጃ ሥጋዬ ላይ ተጠምጥሞ ወደ ታች ጎተተኝ።

ሆዴ ላይ ቀይ መልቀቂያ አለ። አንዴ ከተገፋ ካይቱ ጉልበቱን ያጣል፤ በአንድ ገመድ ብቻ ይንጠለጠላል። ያም ካልበቃ፣ ያቺን አንዷን ገመድ የሚፈታ ሌላ መልቀቂያ አለ። እጄ የመጀመሪያው ላይ ነበር። አልገፋሁትም። ውኃ እየጠጣሁ ያሰብኩት 3ቱን ሌሊት ነው፤ «ከለቀቅኋት ትቀደዳለች» እያልኩ ነበር። ለመናገር ያሳፍራል። ሦስተኛው ማዕበል ሲያልፍብኝ ገፋሁት። አሁንም ማዕበሉ ይጎትታታል፤ ሁለተኛውንም ለቀቅሁ። ሰሌዳዬን አቅፌ ወጣሁ። ያ ነፋስ የላይኛውን ውኃ ወደ ጥልቁ እየገፋ ከሥር ቀዝቃዛውን ስለሚያመጣ ውኃችን በበጋም ያንዘፈዝፋል፤ አሸዋው ላይ ጥርሴ ሲንቀጫቀጭ አንድ ሽማግሌ ነጭ ኮታቸውን አለበሱኝ። ካይቷን ወደ ሰሜን ራቅ ብሎ ባሕሩ ተፍቷት አገኘኋት። ደግሜ ሰፋኋት።

ከዚያ ወዲያ ያገለገለች ባለ 3 አጥንት፣ 7 ሜትር ካሬ ገዛሁ። የመጀመሪያ ቀን ማዕበል ላይ ሆኜ ገመዱ ሲላላ እጄ ባሩን ጨምድዶ ያዘ፤ ይህ ፍርሃት ብዙ ቀን አልተወኝም። እርሷ ግን ከፊቴ ዝቅ ብላ ተንሳፈፈች፤ ማዕበሉን ጨርሼ ስዞር ገመዱ በቀስታ ተወጠረ።

ሻዩን ይዤ ተመለስኩ። «የት ልትነዳት ነው?» አልኩት። «ቢግ ቤይ።» ከእኔ ይቀጥናል። «ስፌቷ ችግር አለው?» ሲለኝ «የለውም» አልኩ፤ እውነት ነው፣ ስፌቷስ የለውም። «እንግዲህ አንተ የሰፋሃትን አምናለሁ» አለ። ይህችን ባይናገር ኖሮ ምን እንደማደርግ እንጃ። ሱሪዬን ሰብስቤ የገመዱን ጠባሳ አሳየሁት፤ መልቀቂያውን ሳልገፋ የቆየሁበትንም ምክንያት ነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ዋጋው አንሶህ ነው?» አለኝ። ፖስታውን ይዞ ሄደ። ሁለት እሑድ ሰላምታው ቀዘቀዘብኝ። ኪራዩን ዘግይቼ ከፈልኩ፤ ከአከራዬ የሰማሁትን አልጽፈውም።

ባለፈው ቅዳሜ ራሱ ደወለ። 7 ሜትሯን አበደርኩትና አብረን ወረድን። ነፋሱ ልከኛ፣ ማዕበሉ ከጉልበት ያልበለጠ ነበር። ካይቷን ከማንሣቴ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ መልቀቂያውን እንዲገፋ ነገርኩት። ገፋ። መልሰን አያያዝነው፤ ደግሞ ገፋ።

«ጨረስን?» አለኝ።

«የሁለተኛውንም» አልኩት።