በልክ ያልተሰፋ እጅጌ

አባታችን ከዚህ ዓለም ሲለዩ ለቤታችን ከተዉት ሀብት አንዱ አሮጌ ላንድሮቨር ነው። በእርሳቸው ዘመን መኪናው በራሱ ሞተር ይሄድ ነበር፤ ከብዙ አገልግሎት በኋላ ግን ቴስታታው ተሰነጠቀ፥ መለዋወጫውም ታጣ፤ ሦስት ዓመት ያህልም በባሕር ዳር ግቢያችን የዶሮ መስፈሪያ ሆኖ ቆመ። በመጨረሻ አንድ መካኒክ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር አስገባለት። አዲሱ የሞተር ቍጥር በሊብሬው ላይ ተጻፈ፤ ምርመራውንም አልፎ ቦሎ ተለጠፈለት። እንግዲህ መኪናችን አካሉ የእንግሊዝ፥ ልቡ የጃፓን ሆነ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህማ፥ የያዝነውን ጠግነን ከማኖር በቀር ሌላ አሳብ አልነበረንም።

ሞተር የተለወጠለት መኪና ጣጣው ከሞተሩ አይደለም፥ ከአካሉም አይደለም፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ራዲያተሩ ለአንዱ ሞተር ተሠርቶ ሳለ ውኃውን የሚልክለት ሌላ ሞተር ሆነ። በሁለቱ መካከል ውኃ የሚያመላልሰውን የጎማ ቧንቧ መካኒኮቻችን «ማኒኮቶ» ይሉታል። ቃሉ እንደ ካቻቢቴና እንደ ፒንሳ ከጣልያንኛ የመጣ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ «እጅጌ» ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ነገሩን ደኅና አድርጎ አይቶታል።

እኛ የመጀመሪያውን ማኒኮቶ የገዛነው ሳንለካ ነው። የራዲያተሩ አፍ ሰፋ፥ የሞተሩ አፍ ጠበብ ያለ መሆኑን በዐይናችን አይተናል፤ ይኸው ይበቃል አልን። ባለ ሱቁም ቀጥ ያለ ጎማ አውርዶ፥ «ይህ ይሆናል፤ ሁሉም የሚወስደው ይህንኑ ነው» ሲለን ደስ ብሎን ከፈልን። ጠባቡን አፍ በአሮጌ ከመነዳሪ ጠቅልለን አወፈርነው፤ በላዩ ጎማውን አለበስነው፤ በሁለት ፋሸታም አጠበቅነው። ቀጥ ያለው ጎማ በተጠማዘዘ መንገድ በግድ ስለ ተወጠረ ከመካከሉ ታጠፈ። ረዳታችን፥ ዕድሜው ገና ዐሥራ ስምንት ዓመት የሆነ ጎረምሳ፥ ጣቱን በእጥፋቱ ላይ አሳርፎ፥ «ጋሼ፥ እዚህ ላይ ታንቋል፤ ውኃው በምን ያልፋል?» ብሎ ጠየቀን።

«ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ይልቅ ኮፋኖውን ዝጋ» አልነው።

ይህን ስንመልስለት ስለ ጎማ የምናውቀው ነገር አልነበረም። ጌታ መሆናችንን ብቻ እናውቅ ነበር።

በመጋቢት ወር፥ ዐቢይ ጾም ሆኖ ድንች የሚፈለግበት ጊዜ ስለ ነበረ፥ ወደ መራዊ ወርደን ጫንን። በመራዊ አጠገብ ያለው የቆጋ መስኖ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ የተሠራ ነው፤ በበጋ ድንችና ሽንኩርት ከዚያ ይጫናል። ስንመለስ ፀሐዩ በርትቶ ነበር። መሸንቲ ለመግባት ጥቂት ሲቀረን የሙቀት መለኪያው ቀዩን ነካ፤ ከኮፋኖውም ሥር ነጭ እንፋሎት ወጣ። ከመንገዱ ዳር አቆምን። ድንቹን ባሕር ዳር የሚጠብቅ ነጋዴ ስለ ነበረ ልባችን ቸኵሏል፤ ዐሥር ደቂቃ እንኳ ሳንታገሥ ረዳታችንን፥ «ክዳኑን ክፈትና ውኃ ጨምርበት» አልነው። እርሱ አመነታ። ደግመን አዘዝነው። ጨርቅ በእጁ ላይ ጠቅልሎ ከፈተ።

የሆነውን ለመረዳት ይህን ማወቅ ያሻል። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስላለች፥ በዚህ አገር ክፍት ድስት ላይ የተጣደ ውኃ በ94 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በራዲያተር ውስጥ ያለው ግን ክዳኑ አፍኖ ስለሚይዘው ከመቶ ዲግሪ አልፎም ሳይፈላ ሊቆይ ይችላል። ክዳኑ በተነሣ ጊዜ ያ የታፈነ ሁሉ በአንድ ቅጽበት ፈልቶ ወደ ላይ ይወረወራል። የልጁ ቀኝ ክንድ ከጣቱ ጀምሮ እስከ ክርኑ ተቀቀለ። ፊቱን ያተረፈው ቀድሞ ማዞሩ ነው።

መንገደኛው ተሰበሰበ። አንዱ ቅቤ፥ አንዱ የጥርስ ሳሙና ይቀባ ይላል። ጀሪካን ይዘው ከውኃ ይመለሱ የነበሩ አንዲት የመሸንቲ እናት ግን ሁሉንም ከልክለው፥ ልጁን አስቀምጠው፥ ውኃቸውን በቀስታ በክንዱ ላይ ያፈሱ ጀመር። የመጀመሪያው ሲያልቅ ሌላ አስመጡ። ሃያ ደቂቃ ያህል ሳያቋርጡ አፈሰሱ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ስንሄድም ሙሉ ጀሪካን አሸከሙን። የተቀበለችን ነርስ ይህን በሰማች ጊዜ፥ ከማንኛውም ቅባት ይልቅ የጠቀመው ያ ውኃ መሆኑን ነገረችን። እኛ በዚያን ሰዓት ስለ ድንቹ አስበን እንደ ነበረ ብንደብቅ ይህን መጻፋችን ከንቱ ይሆናል።

በማግሥቱ ወደ ልጁ እናት ቤት ሄድን። ባልቴት ናቸው። ቡና አፍልተው ተቀበሉን፤ ይህም ከስድብ ይልቅ ከበደን። «እትዬ፥ ጥፋቱ የእኛ ነው» ብንላቸው ጥቂት ዝም ብለው፥ «እኔ ልጄን የሰጠሁዎ ሙያ እንዲያስተምሩት ነበር» አሉን። ከዚህ ሌላ አልተናገሩም። የሕክምናውን ወጪና የልጁን ደመወዝ መቻላችን ግዴታችን ስለ ሆነ እንደ ቸርነት አንቈጥረውም።

መኪናው ቆመ። ያን ጊዜ ነው መለካት የጀመርነው። ባለቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ሜትሯን አምጥታ እንደ ሸሚዝ አንገት የሁለቱን አፎች ዙሪያ ለካችልን። የራዲያተሩ ዙሪያ 119፥ የሞተሩ 107 ሚሊ ሜትር ሆነ። ዙሪያውን ለ3.14 ቢያካፍሉት የአፉ ስፋት ይገኛልና፥ አንዱ 38፥ ሌላው 34 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው። አራት ሚሊ ሜትር! ያንን ነበር በከመነዳሪ የሞላነው። ቀጥለን ወፍራም የአጥር ሽቦ ወስደን፥ ማኒኮቶው ሊሄድ በሚገባው መንገድ ከአፍ እስከ አፍ አጠማዘዝነው።

ሽቦውን ይዘን በባሕር ዳር አራት ሱቆች ዞርን። አንደኛው ነጋዴ፥ «የመኪናዎን ዓይነት ይንገሩኝ እንጂ ሽቦ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ሣቀ። የመኪናችንን ዓይነት ብንነግረው የራዲያተሩን፥ የሞተሩን ዓይነት ብንነግረው የሞተሩን ያመጣል፤ የሁለቱን መካከል የሚያውቅ መጽሐፍ የለም። አራተኛው ሱቅ ያገኘናቸው ሽማግሌ ግን ሽቦውን ተቀብለው ብዙ አስተማሩን። ሞተር ሲነሣ በእግሮቹ ላይ ስለሚንቀጠቀጥ ማኒኮቶው ተወጥሮ መኖር የለበትም፤ ፋሸታው ከአፉ ጠርዝ ካለው ጕብታ ወደ ውስጥ አልፎ ይታሰር እንጂ በጕብታው ላይ አይሁን፤ ዘይትና ናፍጣ የሚንጠባጠብበት ጎማ ያብጣል፥ ይበሰብሳል። የታችኛውን ማኒኮቶ ፖምፓው ውኃ ስለሚስብበት፥ ጎማው የለሰለሰ እንደ ሆነ እንደ ተጠባ ጡት ይጣበቃል፤ ስለዚህ በአንዳንዱ ውስጥ የሽቦ ጥቅልል ይገባል። የእርሳቸው ሱቅ ግን ልካችን አልነበረውም።

ሽቦውን ከልካችን ጋር አዲስ አበባ ላለው ለባለቤታችን ወንድም ላክነው። እርሱም በሶማሌ ተራ ከሱቅ ሱቅ እያዞረ ከተሰቀለው ሁሉ ጋር ሲያስተያይ ሰነበተ። በሁለተኛው ሳምንት ከአውቶቡስ የተቀበልነውን ጥቅል ብንፈታ፥ ለአንድ የጭነት መኪና የተሠራ፥ አንዱ አፉ 38 ሌላው 34 የሆነ ማኒኮቶ ከነሽቦው ታስሮ አገኘን። ጥምዝምዙ ከሽቦው ጋር ይሄዳል፤ በሰፊው አፍ በኩል ብቻ አራት ጣት ያህል ይረዝማል።

የልጁ ክንድ ከስድስት ሳምንት በኋላ ዳነ፤ ቆዳው ግን እስከ ዛሬ ይነጣል። ይመለሳል ብለን አላሰብንም ነበር፤ አንድ ጧት መጣ። ትርፉን ራሱ ለክቶ ቈረጠ፤ አፎቹን በጨርቅ ወልውሎ አለበሰ፤ ፋሸታዎቹንም አሰረ። ሞተሩን አስነሥቶ እጁን በማኒኮቶው ላይ ጣል አድርጎ ቆየ። ቴርሞስታቱ እስኪከፈት ቀዝቃዛ ነበረ፤ በኋላ ሙቀቱ ሲመጣ ቀና ብሎ፥ «አሁን ያልፋል፥ ጋሼ» አለን።

በዚያው ዕለት ወደ መሸንቲ ሄድን። የእኚያ እናት ጀሪካን በመኪናው ውስጥ ቀርቶ ነበርና ልንመልስላቸው ይገባ ነበር። መለኪያው ከመካከሉ ሳይነቃነቅ ደረስን። ሴትዮዋ የልጁን እጅጌ ሰብስበው ክንዱን አገላብጠው አዩ፤ ከዚያ ወደ እኛ ዞረው፥ «ከእንግዲህ ክዳኑን የሚከፍተው ማነው?» አሉን።

«እኛ ነን፥ እናቴ፤ ሲቀዘቅዝ» አልናቸው።

ጀሪካናቸውን ተቀብለው ወደ ቤት ግቡ አሉን።