የአባቴ ስፕሪንግ

አምና ሁለተኛው ሴሚስተር ላይ «የግድቡ መሐንዲስ» የሚል ጽሑፍ ክፍል ውስጥ ተነብቦ እንደነበር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ጸሐፊው እኔ ነበርኩ። ስለ አባቴና ስለ አልዌሮ ግድብ ነው የጻፍኩት። ያጨበጨባችሁልኝ አላችሁ፤ «ፋዘርህ እንዲህ ናቸው እንዴ?» እያላችሁ እስከ ካፌ የተከተላችሁኝም አላችሁ። ጋዜጣ ሲሳሳት በሚቀጥለው እትም ማረሚያ ያወጣል ተብለን ተምረናል። ይኸው የእኔ ማረሚያ፦ አባቴ መሐንዲስ አይደለም። አባቴ የተደፈነ የፍሳሽ ቱቦ ከፋች ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

ከጋምቤላ ከተማ ወደ ደቡብ አርባ ኪሎ ሜትር አለፍ ስትሉ አቦቦን ታገኛላችሁ። አልዌሮ ግድብ ያለው እዚያ ነው። በደርግ ዘመን በሶቪየት ባለሙያዎች እርዳታ የተሠራ፣ 75 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ የሚይዝ፣ 10 ሺህ ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ የታሰበ ግድብ ነው። «የታሰበ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ከተሠራ በኋላ ለብዙ ዓመታት ያጠጣው መሬት ከታሰበው ጋር የሚወዳደር አልነበረም። አባቴ ይህን ሲያነሳ «ውሃ ማጠራቀምስ ቀላል ነው፤ ጉዱ ማሳለፉ ላይ ነው» ይላል። እኛ ልጆቹ ግን ስለ ሄክታር ምን አገባን! ለእኛ አልዌሮ ማለት አሳ ነው። ከአኙዋክ ጓደኞቼ ጋር ዳር ላይ ቁጭ ብለን ቆሮሶ ስንጠብቅ ነው ያደግኩት።

አያቴ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ተነስተው በሰፈራ ወደ አቦቦ የመጡ ናቸው። አባቴ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበር። ይህቺን ቁጥር ያዙልኝ፣ ኋላ ትመጣለች።

አባቴ ካደገ በኋላ በግድቡ አካባቢ ባለ የሠራተኞች መኖሪያ በቀን ሠራተኝነት ገባ። እዚያ ቧንቧ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። መጀመሪያ ዕቃ አሸካሚ አደረጉት፣ ቀጥሎ ሙያቸውን አስተማሩት፣ ሥራ ሲያቆሙ ደግሞ ስፕሪንጋቸውን ትተውለት ሄዱ። «ሩሲያኖቹ ጥለውት የሄዱት ነው» ይላል አባቴ። እውነትም እጀታው ላይ ግማሹ የተፋቀ የእነሱ ፊደል አለበት።

ስፕሪንግ ስል ለማታውቁት፦ ከብረት ሽቦ ጥቅጥቅ ተደርጎ የተጠመዘዘ፣ የትንሽ ጣት ውፍረት ያለው፣ አምስት ሜትር የሚሆን እንደ ገመድ የሚተጣጠፍ ዕቃ ነው። ጫፉ ሰፋ ብሎ እንደ ቀይ ሽንኩርት አብጧል። በሌላው በኩል ሽቦውን የሚያንቅ ብሎንና በእጅ የሚዞር እጀታ አለው። መብራት አይፈልግ፣ ነዳጅ አይፈልግ። የሚፈልገው ክንድና ትዕግሥት ብቻ ነው። ሞተር ያለውን ትልቁን ዓይነት በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ገበያ ላይ ያዋለው ሳሙኤል ብላንክ የሚባል አሜሪካዊ ነው፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተርና የስኬቲንግ ጎማ ለቃቅሞ ነው የሠራው። ያነሳሳውም የልጁ ቤት ፍሳሽ መደፈኑ ነበር ይባላል። የእኔ ታሪክ የዚያ ተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ ልጁ ነው በአባቱ ዕቃ የሰው ቤት የሚከፍተው።

መጀመሪያ የያዝኩት በአሥር ዓመቴ ነው። የአቦቦ ቱቦ የሚደፈነው በአሸዋና በአሳ ቅርፊት ነው። አባቴ ሲፎኑን ፈትቶ ባልዲ ከሥሩ አደረገና «በል ስደደው» አለኝ። ሽቦውን ሰደድኩት፤ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ገፋሁ። አሁንም ገፋሁ… ሽቦው መሀሉ ላይ ተጠማዞ ፊቴን ሊገርፈኝ ለጥቂት ተረፍኩ። አባቴ እጁን እጄ ላይ አደረገና፣

«አትግፋው። ጠይቀው» አለኝ።

ቱቦ እንዴት ይጠየቃል? ለካስ ይጠየቃል። ሽቦው የቆመው ጎሚቶ፣ ማለትም የቱቦው መታጠፊያ ጋ ከሆነ እጅህ ላይ ጠንክሮ ይሰማሃል፤ ስትጫነው ይነጥራል፤ ቀስ አድርገህ ስታዞረው ግን ሹልክ ብሎ ያልፋል። ድፍኑ ጋ ከደረሰ ደግሞ ለስላሳ ነው፤ አይነጥርም፣ እንደ ጭቃ ይይዝሃል። ያኔ ከቱቦው አፍ አንድ ስንዝር ያህል ሽቦ ትተህ ብሎኑን ታጠብቃለህ፤ እያዞርክ በትንሽ በትንሹ ታስገባለህ። የምታዞረው ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ነው። ወደ ግራ ካዞርክ የተጠመዘዘው ሽቦ ይፈታና ዕቃህን ታጣለህ። ስታወጣም እዚያው ወደ ቀኝ እያዞርክ፣ በጨርቅ እየጠረግክ፣ ሳትቸኩል ነው። ብዙ ሰው ድፍኑን ወደ ፊት መግፋት ይወዳል፤ ያኔ ውሃው ይሄዳል፣ ሁሉም ይደሰታል፣ በሳምንቱ ግን ሦስት ሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ እንደገና ይደፈናል። ያልወጣ ነገር አልተከፈተም።

ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ አባቴ የሚሰጠኝ ብር አልነበረውም። ስፕሪንጉን በማዳበሪያ ጠቅልሎ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ጫነልኝና «ይሄ አያስርብህም» አለኝ። እሱ ራሱ ከዚያ ወዲህ በወፍራም ሽቦ እየታገለ እንደሚሠራ የሰማሁት ቆይቶ ከእናቴ ነው።

አዲስ አበባ ሌላ ትምህርት ቤት ሆነችብኝ። እኛ ጋ ቆላ ነው፤ ቅቤው እንኳ ይፈሳል እንጂ አይረጋም። እዚህ ግን ብርዱ ቅቤውን፣ ሞራውን፣ የሚረጋውን ዘይት ቱቦ ውስጥ እንደ ሻማ ያደርገዋል። በላዩ የእንጀራ ፍርፋሪና የቡና አተላ ሲጨመርበት አስቡት! በፋሲካ ማግስት ስልኬ አያርፍም። ኮንዶሚኒየም ላይ ደግሞ ከላይ ያሉት ሁሉ የሚያወርዱት በአንድ ቋሚ ቱቦ ነው። ታች ሲደፈን የሚጥለቀለቀው ምድር ቤት ያለው ሰው ነው። ጥፋቱ የአራተኛ ፎቅ፣ ጭቃው የምድር ቤት።

ቅዳሜና እሁድ በዚህ ሥራ ደብተሬን፣ ፎቶ ኮፒዬን፣ ሳሙናዬን ቻልኩ። ማንም ግን አያውቅም ነበር። ስፕሪንጉ አልጋዬ ሥር ነው። «የት ነበርክ?» ስባል «ዘመድ ቤት» እላለሁ። ዶርም ከመግባቴ በፊት እጄን በሎሚ እሽ ነበር፤ ሽታው ግን ያለ ይመስለኛል። አንድ ቀን ካፌ ውስጥ አንዱ ጓደኛችን ስለ ፍሳሽ ሠራተኞች ቀልድ አወራ። ሁላችንም ሳቅን። ከሁሉም ጮክ ብዬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ታዲያ በዚያው ሰሞን ነው «የምታውቁትን ሰው ጻፉ» የሚል ሥራ የተሰጠን። ስለ አባቴ ጻፍኩ። አባቴን ነጭ ሄልሜት አደረግኩለት፤ ከሩሲያኖች ጋር ፕላን ዘርግቶ እንዲከራከር፣ ግድቡ ሲሞላ ዳር ቆሞ እንዲያለቅስ አደረግኩት። ጽሑፉ ኤ አገኘ። ከዚያ በኋላ ህሊናዬ እረፍት ነሳኝ ብላችሁ ሌላ ውሸት ይሆናል። ደስ ብሎኝ ነበር።

ዘንድሮ ጥቅምት ላይ አንድ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ደወለልኝ። «ምድር ቤት ያሉ ሴትዮ ወጥ ቤታቸው ተጥለቅልቋል፣ ቶሎ ና» አለኝ። ማዳበሪያዬን ተሸክሜ ሄድኩ። በሩን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ መምህሬ ነበሩ፤ ያንን ጽሑፍ ያረሙት፣ ክፍል ውስጥም ያነበቡት መምህሬ!

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ! እሳቸው ግን እግራቸው ውሃ ውስጥ ስለነበር «ግባ፣ ግባ» ብቻ ነው ያሉኝ። ገባሁ። አባቴ አንድ ሕግ አለው፦ ቱቦ ከመንካትህ በፊት ምን እንደጨመሩበት ጠይቅ። ስለዚህ አንገቴን ደፍቼ፣

«ቲቸር፣ የጨመሩበት ነገር አለ?» አልኩ።

«ሶዳ ጨምሬበት ነበር፤ ሁለት ጊዜ» አሉ።

መጠየቄ በጀኝ። ኮስቲክ ሶዳ ሲፎን ውስጥ ተኝቶ ሲጠብቅህ ካላወቅክ እጅህንም ዓይንህንም ያቃጥላል። ጓንት አደረግኩ፣ መስኮት አስከፈትኩ፣ ውሃውን በጣሳ እየቀዳሁ በጥንቃቄ አወጣሁ። ሲፎኑን ፈታሁ። ስፕሪንጉን ሰደድኩ። ጎሚቶው ጋ ቆመ፤ አዞርኩት፣ አለፈ። ሁለት ሜትር ላይ ለስላሳው ነገር ያዘኝ። ሦስት ጊዜ ገብቼ ሦስት ጊዜ ጎተትኩ። በሦስተኛው እንደ ክንድ የወፈረ ነጭ ሞራ ተጎትቶ ወጣ፤ በውስጡ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ነበረበት። ቱቦው ተንጎራጎረና ውሃውን ጠጣው።

መምህሬ ይህን ሁሉ ጊዜ ቆመው ያዩኝ ነበር።

«ይሄን ማን አስተማረህ?»

«አባቴ።»

«መሐንዲሱ?»

ዝም አልኩ። ፍል ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ከዚያ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«ግድቡ ሲሠራ አባትህ ስንት ዓመታቸው ነበር?»

«ልጅ ነበር» አልኩ። «ወደ አቦቦ ሲመጣ ስምንት ዓመቱ ነበር።»

የሚቆጡኝ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና «ይሄን አምና መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። አንድ ጥያቄ ነበር የጎደለው። ጽሑፉ ስላማረ ሳልጠይቅህ አለፍኩ» አሉ። ቀጥለውም፣ «ውሸቱ የተነበበው ክፍሉ ፊት ነው። ማረሚያውም ክፍሉ ፊት ይሁን» አሉኝ። ሂሳብ ሲከፍሉኝ አልቀበልም ብዬ ብግደረደር «የሠራህበት ነው!» ብለው ኪሴ ውስጥ ከተቱት።

ይህን ከመጻፌ በፊት መጠየቅ ያለበት ሌላ ሰው ነበር። ደወልኩለት። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሄልሜቱን፣ ሩሲያኖቹን፣ ለቅሶውን። አባቴ «መሐንዲስ? እኔን?» ብሎ እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። ዝምታው ሲረዝም መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አባዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለ። ትንሽ ቆየና፣ «ሲፎኑን ስትመልስ ጎሚኒዋን አስገብተሃል? እንዳያንጠባጥብባቸው።»

«አስገብቻለሁ።»

«ደግ አደረግክ» ብሎ ስልኩን ለእናቴ ሰጣት። አፍሮብኝ ይሁን አዝኖብኝ እስከ ዛሬ አልነገረኝም፤ እኔም ይሄኛውን ለመጠየቅ ድፍረቱን አላገኘሁም።

ባለፈው ሳምንት ባጠራቀምኩት ብር መርካቶ ወርጄ አዲስ ስፕሪንግ ገዛሁ። የእሱን ጠርጌ፣ ዘይት ቀብቼ፣ በዚያው በማዳበሪያው ጠቅልዬ በጋምቤላ አውቶቡስ ላክሁለት።

ማረሚያዬ ይኸው ነው። በየቤታችሁ፣ በየዶርሙም የተደፈነ ነገር ካለ ጥሩኝ፤ ቅዳሜና እሁድ አለሁ። ሶዳ ከጨመራችሁበት ግን አደራ፣ አስቀድማችሁ ንገሩኝ።