ጠመንጃ ሲያጥርና ሲታፈን

የጎጃም ሽማግሌ ጠመንጃን በስሙ ይጠራል፤ ሰናድር፣ አልቢን፣ ውጅግራ፣ ለበን፣ ምንሽር። ውጅግራ የፈረንሳዩ «ፉዚ ግራ» ነው፤ ለበንም «ለቤል»። ሁለቱም ወደ 130 ሴንቲ ሜትር ይረዝማሉ። ክላሽ ሲመጣ ቁመቱ ወደ 87 ወረደ። ዛሬ በውጭ ሀገር ገበያ በርሜሉ ብቻውን 30 ሴንቲ ሜትር እንኳ የማይሞላ ጠመንጃም ይፈለጋል። ረጅሙ በትከሻ ላይ ሆኖ ባለቤቱን ከሩቅ ያስታውቃል። አጭሩ ጋቢ ሥር ይገባል።

*

ውጅግራ ሲተኮስ ጭሱ ቁጥቋጦው ላይ ይንሳፈፍ ነበር፤ ተኳሹ የት እንዳደፈጠ ዓይን ያለው ሁሉ ያያል። ለበን እ.ኤ.አ. በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ ይዞ መጣ። ጭሱ የሰጠው ምስክርነት ቀረ፤ የቀረው ድምፁ ብቻ ሆነ። አሁን እሱንም የሚያፍኑት በርሜሉ ጫፍ ላይ በሚገጠም ብረት ነው።

*

አጭር በርሜል ላይ ማፈኛ የሚገጥም ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ጋዙ መንገድ ነው። በኤም 16 ዓይነቱ ጋዙ በቀጭን ቱቦ እስከ ጠመንጃው ሆድ ይመለሳል። በክላሽ ግን ጋዙ የሚገፋው ፒስተን ነው፤ አብዛኛው ጥላሸትም ከፊት ይቀራል። ማፈኛ ሲገጠም መውጫው ይጠብና ጋዙ ወደ ኋላ ይበረታል፤ ጠመንጃው ይጣደፋል፣ ብረቱ ቶሎ ያልቃል፣ ጭሱ የተኳሹን ዓይን ያቃጥላል። ስለዚህ የጋዙ መጠን የሚስተካከልበት ፒስተን ይመረጣል። በርሜሉ ባጠረ ቁጥር ደግሞ ጥይቱ ፍጥነት ያጣል። ለመሰወር የሚከፈለው ዋጋ ይህ ነው።

*

ማፈኛ እንደ ፊልሙ ድምፅን አያጠፋም። የክላሽ ጥይት በሰከንድ ከ700 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ድምፅ ግን 340 ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ የባሩዱ ፍንዳታ ቢቀንስም ጥይቱ አየሩን ሲሰነጥቅ ይጮኻል። የሚጠፋው አቅጣጫው ነው፤ ጩኸቱን የሰማ ሰው ከየት እንደተነሳ ለመለየት ይቸገራል።

*

መትረየስ የሠራው ሃይረም ማክሲም ነው፤ ድምፅ ማፈኛን እ.ኤ.አ. በ1909 በስሙ ያስመዘገበው ልጁ ነው። አባት ያላባራ ጩኸት ሰጠ፤ ልጅ መሸሸጊያውን። የዓለም መሣሪያ ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ ተጠቃልሎ ይታየኛል።

*

በየካቲት 1933 ጣሊያንን ለማስወጣት የዘመተው የእንግሊዛዊው ዊንጌት «ጌድዮን ኃይል» ጎጃም ውስጥ ቡሬ ሲደርስ ከጣሊያኑ ኮሎኔል ናታሌ ጦር በቁጥር እጅግ ያነሰ ነበር። ጥቂቱ ሰው በሌሊት በየአቅጣጫው እየተኮሰ ብዙ መሰለ፤ ናታሌም ቡሬን ለቅቆ በማንኩሳ በኩል ወደ ደምበጫ አፈገፈገ። እኛ ዘንድ የተኩስ ድምፅ ራሱ ሠራዊት ሆኖ ያውቃል።

*

በጀግና ለቅሶ ላይ ይተኮሳል፤ በሠርግም እንዲሁ። ተኩሱ መርዶ ነው፣ ብሥራትም ነው፤ ለሩቅ ዘመድ እግር ከመድረሱ በፊት ይደርሳል። ማፈኛ የገጠመ ሰው ከዚህ ወግ ውጭ የሆነ ጉዳይ አለው።

*

በፊንላንድና በኖርዌይ አዳኞች ማፈኛ ይጠቀማሉ፤ የራሳቸውንም የውሻቸውንም ጆሮ ይጠብቃሉ። ይህን አከብራለሁ። እዚያ ጠመንጃውም ባለቤቱም መዝገብ ላይ አለ። በእኛም ሀገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድን ያዝዛል። በገጠር ግን ከወረቀቱ በላይ የሚሠራው መዝገብ የጎረቤት ጆሮ ነው።

*

ማንኩሳ ውስጥ በሌሊት አንድ ጥይት ሲጮህ በር ይከፈታል፣ ውሻ ይነሳል፣ «ከየት ነው? የማን ነው?» ይባላል። ሲነጋ ሽማግሌ ይላካል፤ የሞተ ካለ ደሙ ይደርቅ ዘንድ ዕርቅ ይታሰባል። ዕርቅ የሚጀምረው ማን እንደተኮሰ ከታወቀ ነው። የገዳዩ ስም ካልታወቀ ሽማግሌው የማንን ደጅ ይጠናል? ጥርጣሬው በየቤቱ ያድራል፤ የአንዱ ሰው ደም የመንደሩ ሁሉ ዕዳ ይሆናል። ከማፈኛ የምፈራው ይህን ነው።