የመኪና ቁመት

ባቲ ተወልዶ ያደገ ሰው ሰኞን ከሌላው ቀን ለመለየት የቀን መቁጠሪያ አያሻውም። ገና ጎሕ ሳይቀድ ከአፋር ቆላ የሚወጣው ግመልና ከደጋው የሚወርደው አህያና በቅሎ የዕለቱን ማንነት ያበሥሩታል። አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው የሚገናኙበት ይህ ገበያ ለእኔ የመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነበር። መኪናን መመዘን የተማርኩትም በዚያው ነው ብል አንባቢ አይገረምብኝ።

አያቴ የግመል ነጋዴ ነበሩ። ግመል ሲገዙ ቁመቱን አስቀድመው አያዩም። መዳፉን ይዳስሳሉ፤ አስበርክከው ያስነሡታል፤ ከዚያም ሻጩን አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁታል፦ «ምን ሲሠራ የኖረ ነው?» ለጨው ጭነት ግመል፣ ለገደል መንገድ በቅሎ፣ ለውኃ አህያ። በቅሎ ፈልጎ የመጣ ሰው ከፍ ብሎ ለመታየት ሲል ግመል ገዝቶ ሲመለስ በባቲ ገበያ አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ትምህርት ቤቴ መንገዱ ነበር። ከኮምቦልቻ ተነሥቶ በባቲ በኩል ወደ ሚሌ የሚወርደው መንገድ በዚያን ዘመን የአሰብ መስመር ነው። በ1970ዎቹ እኛ ልጆች ከዳር ተደርድረን፣ ሾፌሮች ኤንትሬ የሚሉትን ባለተሳቢ ፊያት እንጠብቅ ነበር። ገና ከሩቅ፣ በድምፁ ብቻ፣ የጫነውን ከባዶው እንለያለን፤ ሾፌሩ ማርሽ የሚቀይርበትንም ቅጽበት በአፋችን እያስመሰልን እንከተላለን። ከተማችን ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ በስሟ የሚጠራ ናትና ጆሯችን ለድምፅ ባይተዋር አልነበረም። ኤንትሬ ፊቱ ጠፍጣፋ፣ አካሄዱ ዝግተኛ ነው። ነገር ግን ቅርፁና ይዘቱ አልተጣሉም። ለመሸከም ተሠራ፤ ተሸከመም።

ከዚያ በኋላ ነው በአንድ አሮጌ መጽሔት ገጽ ላይ የፖርሽ 911 ሥዕል ያየሁት። ሞተሩ ከኋላ፣ ጣሪያው ከአዋቂ ሰው ደረት የማያልፍ። ፍቅሩ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። «ለእኛ አገር መንገድ ምን ይረባል?» ለሚለኝ ወዳጅ መልስ የለኝም፤ አይረባም። የስፖርት መኪና ግን አይዋሽም እላለሁ። ዝቅ ያለው መሬት ቆንጥጦ ለመታጠፍ ነው፤ የቀለለው ቶሎ ለመነሣትና ቶሎ ለመቆም ነው። እንደ ክራር ነው፤ ትርፍ ጅማት የለበትም። ነገሩ የሀብት ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አሳይቷል፤ ሞተሩ መጠነኛ፣ ሁለት ሰው የሚይዝ፣ ግን የመንዳትን ደስታ ያልነፈገ።

የመስክ መኪናም በትውልዱ ሐቀኛ ነበር። ላንድሮቨር እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር የገበሬውን ሥራ አስቦ ወጣ፤ የቶዮታ ላንድክሩዘር ታሪክ ደግሞ ከ1951 ይጀምራል። በአገራችንም የክትባት ሠራተኛውንና የመንገድ ቀያሹን አስፋልት ወዳልደረሰበት ያደረሱት እነዚህና መሰሎቻቸው ናቸው። ቁመታቸው ከሥራቸው የመጣ ነበር፤ ድንጋዩን ለመሻገር፣ ጎርፉን ለማለፍ።

በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ አንድ ነገር ተረዱ፤ ብዙው ገዢ የሚሻው መስኩን ሳይሆን ቁመቱን ነው። ስለዚህ የቤት መኪናን አካል ወስደው ከፍ አደረጉት፤ ፊቱን አኮሳተሩት፤ ከተጨመረው ብረት በላይ ዋጋ ጨመሩበት። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ2018 በሰሜን አሜሪካ ከሙስታንግ በቀር የቤት አውቶሞቢሎቹን ቀስ በቀስ እንደሚተው አስታወቀ። የስፖርት መኪና ሠሪዎቹም አልቀሩም፤ ፖርሽ በ2002 ካየንን፣ ላምቦርጊኒ በ2017 ኡሩስን፣ ፌራሪ በ2022 ፑሮሳንጉዌን አሳዩ። ፍርዴ እንዳይጎድል ይህን ልጨምር፤ ፖርሽ የምወደውን 911 ማሻሻል የቀጠለው ካየን ባስገኘለት ትርፍ ጭምር ነው። ገበያ እንዲህ ያለ ቀልድ ያውቃል። ሆኖም ከፍታው ዋጋ አለው፤ መኪናው ይከብዳል፣ ነዳጅ ይፈጃል፣ በመታጠፊያ ላይ ያዘነብላል፣ ከኮፈኑ ፊት ያለፈውን ሕፃን ከሾፌሩ ዓይን ይሰውራል።

ይህን ሁሉ የማውቅ እኔ ራሴ ወደቅሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ታዛዧን ትንሽ መኪናዬን ሸጬ፣ ብድር ጨምሬ፣ ከፍ ያለች አንዲት መኪና ገዛሁ። ስሟን አልጠራም፤ ጥፋቱ የእኔ ነውና። የሰፈሩ ሰላምታ በአንድ ሳምንት ተለወጠ፤ ስሜን ብቻ ይጠሩ የነበሩት «ጋሼ» አሉኝ። አልጠላሁትም።

ክረምት ላይ ከባቲ ወጣ ብሎ ባለ መንደር የምትኖረው እናቴ ታመመችና ወደ ሐኪም ላመጣት ሄድኩ። ስንመለስ የአሸዋ ወንዝ መሻገር ነበረብን። መኪናዬ የምትጎተተው በፊት ጎማዎቿ ብቻ ነው፤ ቁመቷም ከጌጥ አላለፈም። መሐል ላይ ሰመጠች። ጋዝ በሰጠሁ ቁጥር ወደ ሆዷ ወረደች። በደጋው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ ሲዘንብ እዚህ ወንዙ ሳያስጠነቅቅ እንደሚሞላ የማያውቅ የባቲ ልጅ የለም። እናቴ ከኋላ ወንበር ሆና ዱዓዋን ጀመረች። እኔ በእጄ አሸዋ እየዛቅሁ አለቀስኩ።

ያወጣን ፍየል የጫነ አሮጌ ላንድክሩዘር ነው። ቀለሙ የለቀቀ፣ በሩ በገመድ የታሰረ። ሾፌሩ ገመድ አስሮ፣ በከባድ ማርሽ፣ ሳይቸኩል ጎተተን። ዳር ከደረስን በኋላ መኪናዬን ዞሮ አያትና «ወንድሜ፣ ይቺ ምን ትሠራለች?» አለኝ። በአያቴ ጥያቄ ተያዝኩ። ብዙም ሳይቆይ ጎርፉ ቆመንበት በነበረው ቦታ ላይ ወረደ። እናቴ ባቲ ደርሳ ታከመች፤ ዳነችም። መኪናዋን ሸጥኳት።

አሁን ዘመኑ ሌላ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ታግዷል፤ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እየበዙ ነው። ከነርሱም ብዙዎቹ ባለ ቁመት ናቸው። ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሚነጠፍ ከፍታው በከፊል ምክንያት አለው፤ የቀረው ያው የድሮው መኮሳተር ነው። ጭስ የሌለውን መኪና አልጠላም። ነገር ግን ሙሌቱ ከኮምቦልቻ ሚሌ ደርሶ ይመልሳል ወይ? የት ይሞላል? ሲበላሽ ማን ይፈታዋል? ፋብሪካው የሚሠራው የምንከፍልበትን ነው። ለቁመት ከከፈልን ቁመት ይሸጥልናል፤ ለሥራ ከከፈልን ሥራ።

ስለዚህ መኪና ለመግዛት ያሰበ ወዳጅ ምክር ሲጠይቀኝ ስለ ጉልበቱም ስለ መልኩም አላወራውም። በሰኞ ገበያ የሰማኋትን ጥያቄ ጥቂት ለውጬ እሰጠዋለሁ፦ «ምን ሊሠራልህ ነው?» መልሱን ሳያገኝ ገንዘቡን ከኪሱ እንዳያወጣ እለምነዋለሁ።