ባንኩን ለቅቆ ይግባ ወይ?

የጎረቤቴ ልጅ ባንክ አይቲ ክፍል ከገባ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰሞኑን ሳር ቤት አካባቢ ቢሮ ያለው፣ በፍጥነት እያደገ ያለ አንድ የክፍያ ቴክኖሎጂ ድርጅት «ና» ብሎታል። ደመወዙ ይበልጣል። እናትየው ግን እንቅልፍ አጥተዋል፤ ጀሞ ሁለት ደረጃው ላይ አስቁመው «አንቺ እዚያው ሥራ ውስጥ ስላለሽ ነው የምጠይቅሽ የኔ ልጅ፤ ባንክ እኮ የቤት ብድር አለው! ይኼኛው ነገ ቢዘጋስ?» አሉኝ። ደረጃ ላይ ቆሞ የሚመለስ ስላልሆነ እዚህ ልጻፈው፤ ብዙዎቻችሁም በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ይኸንኑ ነው።

እትዬ አልተሳሳቱም። የባንክ ሠራተኛ ከገበያው ባነሰ ወለድ ለቤትና ለመኪና ይበደራል፤ አዲስ አበባ ውስጥ በደመወዝ ብቻ ቤት የሠራ ሰው ካለ አሳዩኝ። እኔ ያለሁበት ዓይነት ድርጅት ይህን አይሰጥም።

የሚሰጠው ሥራ ነው። ቀልዴን አይደለም። ባንክ ውስጥ አንድ ጁኒየር የአንዲት ገጽ ጽሑፍ ለመቀየር ስንት ፊርማ እንደሚጠብቅ ልጁ ራሱ ያውቀዋል። እያደገ ያለ ድርጅት ውስጥ ግን ገና ሳይለምድ ነጋዴዎች ገንዘብ የሚቀበሉበትን ክፍል «ያንተ ነው» ይሉታል። ሌላ ሰው የለማ! ቴሌብር ሥራ የጀመረው በግንቦት 2013 ነው። ሳፋሪኮም በመስከረም 2015 ገባ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ኤምፔሳን አስከተለ። እነ ቻፓ፣ አሪፍፔይ፣ ሳንቲምፔይም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ይዘው ብቅ ያሉት በእነዚሁ ዓመታት ነው። ዘርፉ ገና ልጅ ስለሆነ የሦስት ዓመት ልምድ ያለው «ሲኒየር» ይባላል፤ እኔም ሲኒየር የሆንኩት እንዲያ ነው። ቶሎ ታድጋለህ፤ የጻፍከውን ኮድ አይቶ «ይኼ አይሆንም፣ ምክንያቱም…» ብሎ የሚያስተምርህ ግን አታገኝም። ብዙ ነገር የተማርኩት ከተበላሸ በኋላ ነው፤ ውጭ አገር ላለ ድርጅት ቃለ መጠይቅ የተቀመጡ ጓደኞቼም የማዕረጋቸውና የዕውቀታቸው ልዩነት የታያቸው እዚያ ነው።

ሌሊቱስ? የክፍያ ሲስተም የሚታደሰው ሰው ሲተኛ ነው። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 በንግድ ባንክ የሆነውን የረሳ የለም። ባንኩ ከጥገና ሥራ ጋር የተያያዘ ነው ባለው ችግር የተነሳ ደንበኞች ከሒሳባቸው በላይ ገንዘብ ማውጣት ቻሉ፤ ኤቲኤሞቹ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተጨናነቁ፤ ባንኩ በኋላ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መወሰዱን ገለጸ። አገሩ ስለ ተማሪዎቹ ሲያወራ፣ እኔና ባልደረቦቼ ያሰብነው በዚያ ሌሊት ተረኛ ስለነበሩት ልጆች ነው። መስኮት ላይ ያለችው ገንዘብ ከፋይ «ሲስተም የለም» ባለች ቁጥር፣ ለቡ ወይ ሃና ማርያም አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ላፕቶፑን ታቅፎ ሚስቱን «አንቺ ተኚ» የሚል ሰው አለ። መብራት ቢጠፋም በስልኩ ዳታ ይቀጥላል።

ከአገራችን የቴክ ድርጅቶች ስሙ የገነነው ራይድ ራሱ ከማምሸት የተወለደ ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ ሐሳቡ የመጣላት ፕሮግራመር ሆና አምሽታ ከቢሮ ስትወጣ ታክሲ እየተቸገረች፣ በዋጋም እየተበዘበዘች መሆኑን ተናግራለች። እኛም ቢሮ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ለሚወጣ ሠራተኛ ራይድ ይከፈላል። በመካኒሳ፣ በጀርመን አደባባይ አድርጋችሁ በባዶ መንገድ ጀሞ ስትገቡ ደስ ይላል፤ እኔም ለረጅም ጊዜ እንደ ትልቅ ጥቅም ቆጥሬዋለሁ። የመኪናው ሒሳብ ግን ከትርፍ ሰዓት ክፍያ በጣም ይረክሳል።

የትርፍ ሰዓቱ ሕግ ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ቀን ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛውን 1.5 እጥፍ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራው 1.75፣ በዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል ቀን 2.5 እጥፍ ይላል፤ በሳምንትም ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይገድባል። እኛ ዘንድ ይህን የሚያነሳ «ቲም ስፒሪት የለውም» ይባላል። ወይም ደግሞ «ሊድ» የሚል ማዕረግ ይሰጠውና «አንተማ ማኔጅመንት ነህ» ይባላል። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይመለከት እውነት ነው፤ የሥራ መሪ የሚለው ግን የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣት፣ የመቅጠር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ዓይነት ሰው ነው። የኢሜይል ፊርማህ ሥር «ሊድ» ስለተጻፈ ብቻ የሥራ መሪ አትሆንም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ የአክሲዮኑ ተስፋ ነው። «ደመወዙ ለጊዜው ይነስ፣ ስናድግ ድርሻ ይኖርሃል» ይባላል፤ የሚባለው ደግሞ ማኪያቶ ላይ ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለው አባቶች የጨረሱት ነገር ነው። አብዛኛው ጀማሪ ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው፤ በማኅበሩ ሰነድ ላይ ስምህ በሕግ አግባብ ካልሰፈረ ባለድርሻ አይደለህም። ቢሰፍርስ ለማን ትሸጠዋለህ? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ሲከፈት መጀመሪያ የተመዘገበው ወጋገን ባንክ ነው። የእትዬ ባንክ እዚህም ቀደመን።

ይህን ሁሉ ብዬም ልጁ ይግባ ባይ ነኝ። ገና የሚያሳድገው ልጅ የለውም፣ የሚኖረው እናቱ ቤት ነው፤ እዚህ በአንድ ዓመት የሚያየውን ባንክ ውስጥ በአምስት ዓመት አያየውም። ብቻ ከመፈረሙ በፊት የትርፍ ሰዓቱን፣ የሌሊት ተራውንና የደመወዝ ጭማሪውን ጊዜ ውሉ ላይ ያጽፍ። ድርድሩም በተጣራው ደመወዝ ላይ ይሁን፤ ከሐምሌ 2017 ወዲህ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ግብሩ 35 በመቶ ነው፣ ጡረታው ደግሞ 7 በመቶ ይወስዳል። «ጠቀም ያለ» የተባለው ቁጥር እጁ ላይ ሲደርስ ይኮስሳል።

ጭማሪውን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ወር ሳይሞላው 100 አለፈ። ድርጅቶቹ ለሰርቨር በዶላር ይከፍላሉ፣ ለእኛ ደግሞ በብር። ጎበዝ የተባሉት ሲኒየሮች ጀሞና ለቡ ቤታቸው ቁጭ ብለው ለውጭ ድርጅት በሪሞት ወደ መሥራት ገቡ፤ የተዉትን ሥራ የተቀሩት ተከፋፈሉት፣ ወይ አዲስ ጁኒየር ተቀጠረበት። ስለዚህ ልጁ ቃለ መጠይቁ ላይ «ጥያቄ አለህ?» ሲሉት፣ ያለ ሐፍረት ይህን ይጠይቃቸው፦ ከእኔ በፊት ይህን ሥራ ማን ይሠራ ነበር፣ ለምንስ ለቀቀ?