ከጀርባው ያየሁት ሰው

ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ መተከል መጥተው ከነዋሪው ጋር ተወያይተው ተመለሱ። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ቡለን ወረዳ በኩጂ ቀበሌ ላይ ተኩስ ተከፈተ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የሞተው ከ100 ሰው በላይ ነው ብሏል። ታላቅ ወንድሜ ከእነሱ አንዱ ነው።

እኔ ከልጆቹ ጋር ማሽላ ውስጥ ገብቼ በሆዴ ተኛሁ። ፈርቼ ነበር። ወንድሜ ላይ የተኮሰውን ሰው በአገዳው መካከል አየሁት፦ ከጀርባው፣ አረንጓዴ ሹራብ ለብሶ። ፊቱን አላዞረም። ረፋዱ ላይ አንድ የጉሙዝ ጎረቤታችን ደረሰልን። በጫካው አሳልፎ ቡለን ከተማ ዳር አድርሶን ተመለሰ። እኔም ልጆቹም የተረፍነው በእሱ ነው፤ እግዜር ይስጠው።

ከቡለን ወደ ቻግኒ፣ ራንች ወደሚባለው መጠለያ ተወሰድን። ማታ ማታ ድንኳኑ ውስጥ የሚነሣው ጉዳይ አንድ ነበር፦ በአደባባይ ይሰቀሉ። እኔም እል ነበር። የወንጀል ሕጋችን ስቅላትንም በሕዝብ ፊት መግደልንም እንደሚከለክል አላውቅም ነበር፤ ባውቅም ግድ አይሰጠኝም ነበር።

ከወራት በኋላ ተጠርጣሪ እንድለይ ተጠራሁ። ወንዶች ተሰልፈው ቆመዋል። ሦስተኛው ቁመቱም ትከሻውም ያ ሰው ነው። እጄን ላነሣ ስል ፊቱን አየሁ። ይህን ፊት አይቼው አላውቅም። እኔ የማውቀው ጀርባ ነው። «ይዙሩልኝ» አልኩ፤ ዞሩ። ሦስተኛው ከኋላው ያ ሰው ነው። አራተኛውም ሊሆን ይችላል። ያኔ መንገድ ያሳየን ጎረቤታችን ትዝ አለኝ። እሱም ቁመቱ ያው ነው፣ ትከሻው ያው ነው። እዚህ ሰልፍ ውስጥ ቢያቆሙት፣ ከጀርባው ብቻ ባየው፣ ያተረፈኝን ሰው «እሱ ነው» ልል እችላለሁ። ክሱ ደግሞ እስከ ሞት የሚያስቀጣ ነው። ተሳስቼ ያሳሰርኩት ሰው ቢፈታ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። የተገደለውን የት አገኘዋለሁ?

«በእርግጠኝነት አላውቅም» አልኩ። አብረውኝ የመጡት እስከ ራንች ድረስ አላናገሩኝም።

አሁን የምኖረው አሶሳ ነው። የወንድሜ ሚስት ስትመጣ ነገሩን እናነሣዋለን። የሞት ፍርድ ርዕሰ ብሔሩ ካላጸደቀው እንደማይፈጸም፣ የደኅንነት ኃላፊውን ክንፈ ገብረመድኅንን በመግደል የተፈረደበት ሻለቃ በ1999 ዓ.ም. በሞት ከተቀጣ ወዲህ ተፈጸመ ሲባል እንዳልተሰማ፣ ግንቦት 2003 የ23 የደርግ ባለሥልጣናት ሞት ወደ ዕድሜ ልክ እንደተቀየረ ነገርኳት።

«እነሱማ ፊታቸው የታወቀ ነበር» አለችኝ። «ስለ እነሱስ ምን ትላለህ?»

ልክ ናት፤ የእኔ ጥርጣሬ እዚያ አይደርስም። ጥፋቱ ያለ ጥርጥር በታወቀ ሰው ላይ እስካሁን አልቆረጥኩም፤ አንድ ቀን ወደ እሷ አንድ ቀን ወደ ሌላው አደላለሁ። ስለ ሦስተኛው ሰው ግን ዛሬም ቢጠሩኝ የምሰጠው ቃል ያው ነው፤ ይህንንም ነግሬያታለሁ።