ወደ ማርሳቢት ከመነሳታችን በፊት



ባለፈው ጁምዓ ከሶላት በኋላ ብዙዎቻችሁ “እውነት በሞተር ኬንያ ልትሄዱ ነው?” ብላችሁ ጠይቃችሁናል። አዎ፣ ኢንሻአላህ። በሦስት ሞተር ከሐዋሳ ተነስተን በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርገን ሞያሌ፣ ከዚያ ድንበሩን ተሻግረን ማርሳቢት፣ ከዚያ መመለስ ነው። እስከ ሞያሌ ወደ 500 ኪሎ ሜትር፣ ከሞያሌ ማርሳቢት ደግሞ ወደ 250 ነው። ስንጀምር ስድስት ነበርን፤ አሁን አምስት ነን። ይህን ለመጻፍ የተነሳነው አንዱ ለምን እንደቀረ ለመንገር ነው፤ ግን ነገሩ ከዝግጅቱ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ከዚያ እንጀምር።

ሐሳቡን ያመጣው ኤሌክትሪካሉ ነው። (ከስም ይልቅ በዲፓርትመንት መጠራራት የቆየ ልማዳችን ነው።) ከወላይታ ሶዶ ኬንያ ሱስዋ ድረስ 1,045 ኪሎ ሜትር ስለሚዘልቀውና ከኅዳር 2015 ጀምሮ ኃይል ስለሚልከው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር አንድ ማታ ሲያወራን ቆየና “ኤሌክትሪኩ ተሻግሯል፤ እኛ ከዲላ አልፈን አናውቅም” አለ። በዚያው ተያዘ። ጊዜውም የሴሚስተር እረፍት፣ የካቲት፣ የቦረና ዝናብ ሳይገባ እንዲሆን ተስማማን።

ኡስታዛችንን ልናማክር ስንሄድ የመጀመሪያ ጥያቄው “ኒያችሁ ምንድን ነው?” የሚል ነበር። የማርሳቢት ሙስሊሞችን መዘየር አልን፣ ዒልም አልን፣ የአላህን ፍጥረት ማስተንተን አልን። ሳቀብን። “ሞተር መንዳት አማረን በሉ። የተፈቀደ ነገር ነው፤ ችግር የለውም። የዳዕዋ ልብስ ግን አታልብሱት” አለን። ትንሽ አፈርን፤ ግን ቀለለን።

የወረቀቱ ሥራ ረጅም ነው፤ በአጭሩ እንለፈው። ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ ሊብሬ፣ ሊብሬው በነጂው ስም ካልሆነ ውክልና፣ ለሞተሮቹ ከጉምሩክ ጊዜያዊ መውጫ፣ ለኢንሹራንስ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ፣ ለጤና ደግሞ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ። ይህኛውም ቢጫ ነው። ከመካከላችን አንዱ የክትባት ካርዱን ይዞ ኢንሹራንስ ቢሮ ሄዶ “አለኝ፣ ይኸው” ብሎ ተከራክሮ ተመልሷል። ማን እንደሆነ አንናገርም፤ አሚራችን ነው።

የከበደን ግራው ነው። ኬንያ በግራ ነው የሚነዳው፤ እኛ ዕድሜያችንን ሙሉ በቀኝ። መንገድ ላይ ልንለማመደው አንችልም። ስለዚህ ሲቪሉ አንድ ባዶ ሜዳ ላይ በኖራ መንገድ አሰመረልን፤ መስቀለኛ አለው፣ በድንጋይ የተከበበ አደባባይም አለው። አደባባዩን በሰዓት አቆጣጠር አቅጣጫ መዞር፣ ወደ ቀኝ ስንታጠፍ ከፊት የሚመጣውን ማስቀደም። ጭንቅላታችን በአንድ ከሰዓት ገባው። እጃችን ግን ሳምንት ፈጀበት። ስንነዳ ደህና ነን፤ የምንሳሳተው ቆመን ስንነሳ ነው። ውሃ ጠጥተን፣ ሰግደን፣ ተሳስቀን ሞተር ስናስነሳ ቀጥታ ወደ ቀኝ። በሦስተኛው ቀን ሁለታችን በእግር ፍጥነት ፊት ለፊት ተላተምን፤ የአንዱ የፍሪሲዮን ማንሻ ተሰበረ፣ የሌላው ጉልበት ተላጠ። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን፦ ከኋላ የተቀመጠው፣ ከእያንዳንዱ ማቆሚያ ስንነሳ፣ የነጂውን ግራ ትከሻ መታ መታ ያደርጋል። ብቻውን የሚነዳው ደግሞ ግራ አንጓው ላይ ቀይ ክር ያስራል። ሞያሌ ላይ በ2013 የተመረቀው የጋራ ኬላ አለ፤ የምንፈራው ከዚያ ስንወጣ ያለችውን የመጀመሪያዋን መቶ ሜትር ነው።

ቀጥሎ ነፋሱ ነው። የማርሳቢት አካባቢ ነፋስ ቀልድ አይደለም። አየሩ በኢትዮጵያና በምሥራቅ አፍሪካ ከፍታዎች መካከል ባለው ዝቅታ ተጨምቆ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ኬንያ በዚያው ካውንቲ በቱርካና ሐይቅ በኩል 365 ተርባይን ተክላ 310 ሜጋ ዋት ማመንጫ የሠራችው ለዚህ ነው። ተርባይኖቹን አናይም፤ ከአስፋልቱ ሩቅ ናቸው። ነፋሱን ግን ከጎን እንቀበለዋለን። ስለዚህ ሻንጣ ከፍ አድርጎ መቆለል ቀረ፤ ጭነቱ ሁሉ ከመቀመጫው በታች በሁለት ጎን ተንጠለጠለ።

ይህን ሁሉ የሠራው ሜካኒካሉ ነው። ካንዴላ ያጸዳው፣ ዘይት የቀየረው፣ ካቴና ያጠበቀው፣ ጎሚስታ በሌለበት ካላማዳሪያ አውጥተን እንድንለጥፍ ዓይናችንን ጨፍነን ያለማመደን እሱ ነው። ሁለት ሰውና ጭነት አስይዞ ለካና በሊትር 34 ኪሎ ሜትር አገኘ፤ ለመሄጃው ብቻ ለአንድ ሞተር 22 ሊትር። ከሦስቱ የተሻለው ሞተርም የእሱ ነው።

እናቱ ግን አልፈቀዱም። ኮፈሌ ናቸው። አምና የጎረቤታቸው ልጅ በሞተር ሞቶ፣ ለቅሶው ላይ የነበሩ ናቸው። ገና ስለ ሞተር ሲነሳ “ይህን አታንሳብኝ” ብለውታል።

እዚህ ላይ ያደረግነውን ደብቀን ብንጽፍ ጽሑፉ ዋጋ የለውም። አብረን ተቀምጠን መልእክት አረቀቅንለት፦ “እማዬ፣ ለአፓረንትሺፕ ወደ ያቤሎ ልኬዳለሁ፣ አንድ ሳምንት ኔትወርክ ላይኖር ይችላል።” ውሸት ነው ያለ የለም። ያቤሎን እናልፍ የለ? አንዳችን ይህ ተውሪያ እንጂ ውሸት አይደለም አለ፤ ሌላው ዑለማዎች ለሐጃ ፈቅደውታል ብሎ ጨመረበት። ከመካከላችን አራቱ መድረሳ ያደግን ነን። ያንን ሁሉ ዓመት ምንጣፍ ላይ ቁጭ ብለን የተማርነው፣ ያን ማታ የጠቀመን አንዲት እናት ለመሸወድ ነበር።

ከጉዞው በፊት የመጨረሻው ዝግጅት ወሲያ ነበር። ኡስታዝ “ሙስሊም ወሲያውን ሳይጽፍ እንዲያድር አይገባም፤ ሙሳፊርማ እንዴት” ብሎን ነበር። ማክሰኞ ከኢሻ በኋላ ወረቀት ተካፍለን ተቀመጥን። መጀመሪያ ቀልድ ነበር። አንዱ ሻይ ቤት 140 ብር እዳ አለበት። አንዱ ከሁለተኛ ዓመት ጀምሮ ያልመለሰው የቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ተገኘበት። ሲቪሉ ላፕቶፑ ለታናሽ እህቱ እንዲሰጥ ጻፈ፤ ከዚያ ወራሽ በወሲያ አይሰጠውም ብለን ስንከራከር ወንድሞችም እንዳሉት ተነሳ፣ እናም ሰረዘው። ከዚያ ዝም አልን። የራስን ስም ጽፎ “ብሞት” ብሎ መቀጠል ከገመትነው በላይ ይከብዳል።

ሜካኒካሉ ወረቀቱ ባዶ ነበር። ለምን እንደማይጽፍ ጠየቅነው። “ለእናቴ ነው የምጽፈው። ይህ ወረቀት ከደረሳት ሞቻለሁ ማለት ነው። የት ሆኜ ሞትኩ ልበላት? አፓረንትሺፕ?” አለ።

ማንም አልመለሰለትም። መልእክቱን ያረቀቀው ወንድማችን ስልኩን አውጥቶ ሲያጠፋው አየን። ገና አልተላከም ነበር፤ አልሐምዱሊላህ።

ያኔውኑ ደወለላቸው። በኦሮምኛ ነው ያወሩት፤ የማንሰማው ሁለታችን ከፊቱ አነበብነው። ሁሉንም ነገራቸው፤ ኬንያውን፣ ሞተሩን፣ የአፓረንትሺፑን ተንኮል ሳይቀር። የተቆጡ አልመሰለንም። “አይሆንም፣ ልጄ” ብለው ጨረሱ። እሺ አላቸው። ከዚያ ከጓደኞችህ ጋር አገናኘኝ አሉና ስልኩ ድምፅ ማጉያ ላይ ሆነ። ሰላምታ ሰጡን፣ መረቁን፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ አሉን። ከዚያ በአማርኛ “የእናንተስ እናቶች ያውቃሉ?” ብለው ጠየቁን።

ከአምስታችን የሦስታችን አያውቁም ነበር።

ከስልኩ በኋላ ኤሌክትሪካሉ ጉዞውን ሙሉ በሙሉ እንተወው አለ። አሚራችን ግን “እሱን ማስቀረት አይደለም የተጠየቅነው፤ ማስፈቀድ ነው” አለ። ሲቪሉ በማግስቱ ደወለ፤ እናቱ በየከተማው እየደረሰ እንዲደውልና መግሪብ ሳይደርስ ሁሌም ከተማ እንዲገባ አስምለው ፈቀዱ። እሱን ለራሳችንም ሕግ አደረግነው፤ በቦረና መንገድ በጨለማ ከብትና ግመል ስለሚቆም ቀድሞም ማድረግ ነበረብን። ሁለተኛው አባቱን አስፈቀደ፤ አባት እናትን። ሦስተኛው እስካሁን ከእናቱ መልስ አልመጣለትም። “አስቤ እነግርሃለሁ” ብለውታል፤ እሱም አልጎተጎታቸውም።

ሜካኒካሉ ሞተሩን በውክልና ሰጥቶናል። ለፊርማው ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፎ ነው ያስጨረሰው። የካቴናውን ልቅነት የምንለካበት ቁራጭ ካርቶን ቆርጦ፣ ላዩ ላይ ሁለት መስመር አስምሮ መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስገብቶልናል። በየነዳጅ ማደያው ስንት ሊትር እንደቀዳን እንድንልክለት ነግሮናል፤ ነፋሱ ስንት እንደሚበላ ማወቅ ይፈልጋል።

ሐሙስ ሱብሂን በጀመዓ ሰግደን እንነሳለን፤ ዱዓችሁ አይለየን። አምስት ወይም አራት ሆነን፣ ኢንሻአላህ።